የተለቀሰበት ዳማ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጉና ሥር ካለ አንድ ሜዳ ላይ ቆሜ፣ ልገዛው የመጣሁት ፈረስ ጌታውን ሳይዝ ብቻውን ሲመጣ አየሁ...

እኔ ገብስና ድንች እየገዛሁ ደብረ ታቦር የማወርድ ነጋዴ ነኝ። ፈረስ አልነግድም። ይኼኛውን ልገዛ የተስማማሁት ይታይሽ ስለለመነችኝ ነው። ይታይሽ የአያ ደመላሽ ልጅ ናት።

አያ ደመላሽን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ትከሻው ላይ አውጥቶ ሐሙሲት ገበያ ላይ ያሳየኝ ፈረሰኛ እሳቸው ናቸው። መሬት የተጣለ አለንጋ ከነግልቢያቸው ጎንበስ ብለው ያነሱና፣ ቀና ሲሉ ይስቁ ነበር። በፈረስ ስማቸው «አባ መብረቅ!» ሲባል ገበያተኛው ሚዛኑን ጥሎ ይሮጣል። ለደንበኛ ካልሆነ ለማንም የማይስቀው አባቴ እንኳ ያን ቀን ሲያጨበጭብ አይቼዋለሁ።

ከዚያ ጉልበታቸው ተሰበረና ተዉት። ብዙ ዘመን አርሰው በሉ፣ ልጅ ዳሩ። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ግን ይህን ዳማ ፈረስ ገዙና ተመለሱበት። ከልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ጋር ይጋልባሉ። አምና ወደቁ። ዘንድሮም ወደቁ።

«ወንድም ዓለም፣ የሚቀጥለው መቃብራቸው ነው» አለችኝ ይታይሽ። «አንተ ግዛው። ለሌላ ቢሸጡት ሄደው ያስመልሱታል። አንተን ግን ያፍሩሃል።»

ሽማግሌው ያለ ክርክር እሺ አሉ። ያሳሰበኝ ይኼ ነው። ገበያ ላይ የማይከራከር ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ አንተ ያላየኸውን አይቷል።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉኝ። «የንግሡ ዕለት ልጋልበው። ከዚያው ከሜዳው ትወስደዋለህ።»

«አያ፣ ቢጥልዎትስ?»

«ቢጥለኝም ያንተ፣ ባይጥለኝም ያንተ። ምን ጎደለህ?»

እናም ትናንት ታቦቱ ከገባ በኋላ ፈረሰኞቹ ተሰለፉ። ግልቢያው ከሜዳው ተነስቶ ጉብታውን ዞሮ መመለስ ነው። ከጉብታው ጀርባ ማንም አያያቸውም። ትናንት ደግሞ ከጉና የወረደው ጉም ጉብታውን ራሱን ደብቆት ነበር።

«አባባ፣ ለእርስዎ በቅሎ ይሻልዎታል!» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«እናትህን አጅቤ የዳርኋት በፈረስ ነው» አሉ አያ ደመላሽ። «አንተ ያኔ በአህያ እንኳ አልተላክህም!»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ፈረሶቹ ተለቀቁ። ጉሙ ዋጣቸው። የኮቴው ድምፅ ራቀ... ጠፋ።

ወጣቶቹ እየፎከሩ አንድ በአንድ ተመለሱ። ዳማው አልመጣም። ይታይሽ እጄን ያዘችኝ።

ዳማው ሲመጣ እየሮጠ አልነበረም። ከጉሙ ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ። ኮርቻው ባዶ ነው። እርካቦቹ ወደ ላይ ታጥፈው ኮርቻው ላይ ተጣምረዋል። የኮርቻው ልብስ ግላሱ ተገልብጧል...

እኛ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ለቅሶ የሚወጣው እንዲህ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ቆሞ ያሰበ አልነበረም። አንዲት ሴት «ዋይ!» አለች፤ ሜዳው ተከተላት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። በአገሩ የታወቁት አልቃሽ እማማ ጥሩ ልጓሙን ይዘው ሙሾ አወረዱ።

«አባ መብረቅ ብዬ እየጠራሁ ከርሜ፣
ባዶ ኮርቻውን ተቀበልሁ ቆሜ።»

ይታይሽ መሬት ላይ ተደፋች።

እኔም ደነገጥሁ። ግን ልገዛው የመጣሁት ፈረስ ነውና ዓይኔ ከዕቃው ላይ አልተነሳም። የሚወድቅ ሰው እርካብ አያጥፍም። ፈረስም አያጥፍም። ታዲያ ማን አጠፈው? ከጉብታው ጀርባ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው?... ለማንም ሳልናገር ወደዚያው ሄድሁ።

አያ ደመላሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። አይንቀሳቀሱም።

«አያ!»

«ዝም በል። እየሰማሁ ነው።»

ለቅሶው በጉሙ ውስጥ እየተቆራረጠ ይደርሰናል።

«አልቃሿ የሐሙሲቱን ግልቢያ አነሳችው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«የምን ሐሙሲት! ልጅዎ መሬት ላይ ተደፍታለች!»

«አውቃለሁ። ድምጿን ለይቼዋለሁ» አሉ። ከዚያ ዓይኔን እያዩ፣ «በል ንገረኝ። ዳማውን ትወስደዋለህ?»

ያኔ ገባኝ፤ እርካቡን ያጠፉት ራሳቸው ናቸው። የተለቀሰበት ፈረስ የጌታው ተዝካር ሳይወጣ አይሸጥም። የገዛውን ሰው ቤት ሞት ይከተለዋል ይባላል። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ብዙም አላምንም፤ ገብስ የሚሸጡልኝ ገበሬዎች ግን ያምናሉ። ያንን ፈረስ እየሳብሁ ብታይ በየትኛው ደጅ ያስገቡኛል? እኚህ ሰው ደግሞ በሕይወት እስካሉ ተዝካር የላቸውም።

«አልወስደውም» አልኋቸው።

«እንግዲያው ለሚያዝያ ጊዮርጊስ እጋልበዋለሁ» ብለው ተነሱ።

ከጉሙ ሲወጡ እሪታው ቀጥ አለ። የሳቀ የለም። ይታይሽ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ሮጣ አላቀፈቻቸውም። ከተደፋችበትም አልተነሳችም።

«አያ ደመላሽ፣ የፈሰሰ እንባ እኮ ወደ ዓይን አይመለስም» አሉ እማማ ጥሩ፣ ልጓሙን ሳይለቁ።

«እኔስ መች መልሽልኝ አልሁሽ?» ልጓሙን ተቀብለው፣ እርካባቸውን ፈትተው ዳማው ላይ ወጡ።

በሰው መካከል ሲያልፉ ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። አንዳንዱ ሳያስበው ቆቡን አወለቀ... ሬሳ ሲያልፍ እንደሚደረገው።

ብዙ ብልጥ ሻጭ ገጥሞኛል። ዕቃውን ላለመሸጥ የገዛ ለቅሶውን ያስቀደመ ግን ትናንት አየሁ... ሚያዝያም ሩቅ አይደለም።