ከጉና ላይ የደወልኩት ስልክ

በዚያ ቅዳሜ መኪናዋ ውስጥ ከነበርነው ሦስት ሰዎች እናቴ መሞቷን የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሾፌሩ ጓደኛችን ያውቃል። ከኋላ የተቀመጠችው ነርሷ ጓደኛዬም ታውቃለች፤ ቦርሳዋ ውስጥ የእኔን የልብ መድኃኒትና አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዛለች። እኔ ደግሞ ከፊት ተቀምጬ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ሾፌሩ የመረጠውን ዘፈን እያጣጣልኩ ነበር።

መርዶ የሚሉትን ነገር አልወድም። አልወድም ማለት ያንሰዋል፤ እጠላዋለሁ። አባቴ ሲሞት ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። "እህትሽ ልትዳር ነው፣ ቶሎ ነይ" ብለው አስመጡኝ። ለሰርጉ የገዛሁትን ጫማ አንጠልጥዬ ወደ ግቢያችን ስቃረብ ድንኳን አየሁ፤ ደስ ብሎኝ እርምጃዬን አፈጠንኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ፊቴ ላይ የተደፋውን ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ልቤም ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነችም፤ ሐኪም ቤት እመላለሳለሁ። ስለዚህ ሁለቱን ጓደኞቼን አስምያቸው ነበር። "እናቴ አንድ ነገር ብትሆን ፊት ለፊት ንገሩኝ። ሰርግ ምናምን እንዳትሉኝ። ቀብሯ ላይ መቆም አለብኝ" አልኳቸው። ሁለቱም ማሉልኝ። ነርሷ እንዲያውም "በማርያም" ብላ ነበር።

የጉዞው ሐሳብ የቆየ ነው። ሦስታችንም የምንኖረው ደብረ ታቦር ነው። ሰው ከሩቅ አገር ተነስቶ ተራራችንን ሊያይ ሲመጣ እኛ ሥሩ ተቀምጠን በስልክ ፎቶውን እናያለን እየተባባልን ስንወቃቀስ ከርመናል። በግንቦት መጨረሻ፣ መንገዱ ሰላም ሆኗል በተባለ ሰሞን፣ ቅዳሜን ጣራ ገዳም ደኑ ውስጥ፣ እሁድን ጉና ላይ ልናሳልፍ ተስማማን። ጉናን የፈለግሁት ለራሴ ምክንያት ነው። የእናቴ ቤት ከገሳይ ወጣ ብሎ እተራራው ግርጌ ነው፤ ስንወርድ እሷ ጋ ጎራ ብለን እርጎ ልንጠጣ አስቤ ነበር።

ቅዳሜ ንጋት ላይ አረፈች። ታላቅ ወንድሜ የደወለው ለእኔ ሳይሆን ለሾፌሩ ነው፤ ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። "ዛሬውኑ እንቀብራለን፤ እሷን ግን ለቀብሩ እንዳታመጡብኝ። በአባታችን ጊዜ የሆነችውን አይቻለሁ። በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ አላወጣም። ጣራ ገዳም ውሰዷትና አውሏት። ነገ ጎህ ሲቀድ አምጡልኝ፣ እኛው አርድተን እንይዛታለን" አለው። ደንቡም እንደዚያ ነው፤ መርዶ በመንገድ አይነገርም፣ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ዙሪያውን ከቦ ነው የሚነገረው። ጓደኞቼ የእኔን መሐላና የወንድሜን ቃል ሚዛን ላይ አስቀመጡና የወንድሜ ቃል አመዘነ።

ያልጠበቁት የእኔን ግትርነት ነው። ጠዋት መኪናው ውስጥ ስገባ ሰማዩ ጥርት ብሏል።

"ዛሬ ጉና ነው የምንሄደው" አልኩ።

"እንዴ! ጣራ ገዳም አላልንም?" አለ ሾፌሩ።

"ገዳሙ የትም አይሄድም። ጉና ግን ነገ ጉም ቢለብስስ?"

ነርሷ ከኋላ ሆና "ከመነኮሳቱ ጋር እኮ ቀጠሮ አለን" አለች።

ከመነኩሴ ጋር ቀጠሮ! ሳቄ መጣ። "እንግዲያው ውረዱና በእግራችሁ ሂዱ፤ እኔ እንደሆነ ከዚህ ወንበር አልነሳም" አልኩ።

ሾፌሩ በመስታወቱ ነርሷን አያት። ክርክር ቢያበዙ እንደምጠረጥር ገባቸው መሰለኝ፣ መኪናዋን ወደ ምሥራቅ አዞራት። በገዛ አፌ ወደ እናቴ ቀብር አስነዳኋቸው ማለት ነው።

መንገዱ ላይ ነገሩ ሁሉ አላማረኝም። ሾፌሩ ዘፈኑን አጠፋው። ብተርበው መንገዱን ብቻ ያያል፤ ይህ ሰው በደህናው ቀን አንድ ብሰድበው ሦስት የሚመልስ ነው። ነርሷ በየጊዜው "በረደሽ?" ትለኛለች፤ ጋቢዋን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ሰው ያለ ምክንያት ሲንከባከብህ ደስ አይልም።

"ምን ሆናችኋል ዛሬ? ልትሸጡኝ ነው እንዴ?" አልኩ።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ፤ በአንድ ጊዜም አቆሙ።

ገሳይ ስንደርስ ይባስ ብሎ የማውቃቸው ሰዎች የማያውቁኝ ሆኑ። ሌላ ጊዜ ከሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ሆነው ስሜን እየጠሩ የሚያስቆሙን ሰዎች አዩኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። አንዲት ድንች ሻጭ አለች፣ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ናት። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እጄን ላውለበልብ ሳነሳ ጎንበስ ብላ ከጆንያዋ ኋላ ተደበቀች። አልተሳሳትኩም፣ ትልቅ ሴት እንደ ልጅ ተደበቀችብኝ።

"ምን አድርጌያት ነው?" አልኩ።

"ፀሐዩ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ነው" አለ ሾፌሩ።

በዚያን ሰዓት ፀሐይ አልነበረም። ደመናው ወርዶ ነበር።

መኪናዋ መሄድ እስከቻለችበት ድረስ ወጣን፤ ከዚያ በእግራችን ትንሽ ወደ ላይ ተጓዝን። ከገብስ ማሳው በላይ የጓሳው ሣር ይጀምራል፣ ከጓሳው መሀል ደግሞ ጅባራው። ጅባራ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ አናቱ ላይ ብቻ ቅጠል የተሸከመ የደጋ ተክል ነው። ጉሙ ሲመጣ ግንዱን ይሸፍነውና እያንዳንዱ ጅባራ ነጠላውን አጣፍቶ የቆመ ሰው ይመስላል። አንዱን ስታይ ከኋላው ሌላ፣ ከዚያም ኋላ ሌላ ይታያል፤ ሁሉም ዝም ብለው ወደ አንድ አቅጣጫ ያዩ ይመስላሉ።

"ለቅሶ የመጡ ነው የሚመስሉት" አልኩ። ማንም አልሳቀልኝም።

ያን ጊዜ ነው ጥሩንባው የተነፋው። ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ረጅም ሆኖ መጣ፤ ተቋረጠና እንደገና ተነፋ። ባላገር ላደገ ሰው ይህ ድምፅ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ እድርተኛው ለቀብር ውጡ እየተባለ ነው። ከየት ሰፈር እንደሆነ ግን ጉም ውስጥ አይለይም፤ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከእግርህ ሥር የሚወጣ ይመስላል። እኔ እንደ ልማዴ አማተብኩና "ነፍስ ይማር" አልኩ። "የማን ቤት ይሆን? እማዬ አሁን ነጠላዋን ደርባ እየወጣች ነው።"

ነርሷ ክንዴን ያዘችኝ። "ስሚኝ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" አለች።

ፊቷን አየሁት። ምን እንዳየሁበት ዛሬም በቃል ማስቀመጥ አልችልም። ብቻ ከአፌ የወጣው "ዛሬ ክፉ ነገር እንዳትነግሪኝ" የሚል ነበር። ፊት ለፊት ንገሩኝ ብላ ሰው የምታስምል ሴት እኔው ነኝ! ነርሷ ክንዴን ለቀቀች።

ከጉሙ ውስጥ ሰዎች መጡ። መጀመሪያ ጅባራ መስለውኝ ነበር፤ ሲንቀሳቀሱ ነው ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት። ከላይኛው መንደር የሚወርዱ ገበሬዎች ናቸው፤ ወንዶቹ ዱላና አካፋ ይዘዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። በመስመር፣ ድምፅ ሳያሰሙ በአጠገባችን አለፉ። ከኋላ የቀሩት አንድ ሽማግሌ ሲያዩኝ ቀጥ አሉ። የማላውቃቸው ሰው ናቸው፤ እሳቸው ግን የሚያውቁኝ ይመስላል፤ ቆባቸውን አወለቁልኝ።

"እንደምን ዋሉ አባቴ? ወዴት ነው?" አልኳቸው።

"ለቀብር ነው ልጄ።"

"ማን ሞቶ ነው?"

ሽማግሌው ሾፌሩን አዩት፤ ከዚያ ነርሷን። "አንዲት ደግ ሴት" አሉ።

"ነፍስ ይማር" አልኩ ለሁለተኛ ጊዜ።

"አሜን ልጄ። እግዜር..." ብለው ጀመሩና ዋጡት። "እግዜር ይባርክሽ።" ቆባቸውን በእጃቸው እንደያዙ ወረዱ፤ ጥቂት እርምጃ ሳይሄዱ ጉሙ ሰወራቸው።

ፈራሁ። ምን እንደምፈራ ሳላውቅ ፈራሁ፤ እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን በጨለማ እናቱን እንደሚጣራ ልጅ። የእናቴን ድምፅ መስማት አማረኝ። ስልኬን አወጣሁ።

"እዚህ ኔትወርክ የለም" አለ ሾፌሩ ፈጠን ብሎ።

"የቴሌ ማማ ሥር ቆመን?" አልኩት። ማማው ከጉሙ ውስጥ ከኋላው ብቅ ብሎ ነበር።

ስልኩ ጠራ። ብዙ ጠራ። ልዘጋው ስል ተነሳ። ከወዲያ በኩል የብዙ ሰው ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ወዲያው ጸጥ አለ። ጸጥታው የባዶ ቤት አይደለም፤ ሰው የሞላበት ቤት ትንፋሹን ሲይዝ ዓይነት ነው።

"እማዬ?"

አንድ ሰው ይተነፍሳል።

"እማዬ፣ ስልኩን ገልብጠሽ ይዘሽው ነው አይደል?" እናቴ ስልክ ገልብጣ መያዝ ልማዷ ነው፤ ሁሌ በዚህ እንጨቃጨቃለን። "ጆሮሽ ላይ አድርጊው! አፍሽ ላይ ሳይሆን ጆሮሽ ላይ!"

ኮሽታ ሰማሁ፤ ጨርቅ ከጨርቅ ሲተሻሽ ያለ ድምፅ። ትንፋሹም ራቀ።

"እህ፣ አሁን ሰማሽኝ? ጉና ላይ ነኝ። ጉሙ ባይኖር ቤትሽ ይታየኝ ነበር። ነገ እመጣለሁ፤ እነዚህን ሁለት ቂሎች ይዤ። ዶሮ አርዳለሁ ብለሽ እንዳትደክሚ፣ እርጎ ይበቃናል።" ትንሽ ጠበቅሁ። ጥሩንባው እንደገና ተነፋ፤ ይኼኛው በሁለት ጆሮዬ መጣ፣ አንዱ ከሸለቆው፣ አንዱ ከስልኩ ውስጥ። ሾፌሩም ሰምቶታል፤ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ግን ሰፈራቸው ለቅሶ አለ ብዬ አለፍኩት። አሁን ሳስበው፣ ማወቅ ያልፈለገ ሰው ጆሮውም አይሰማም። "ዛሬ እንጃ፣ በጣም ናፈቅሽኝ" አልኩ። ይህን አውጥቼ ነግሬያት አላውቅም፤ በእኛ ቤት ናፍቆት በቂቤና በሽሮ ይላካል እንጂ በአፍ አይነገርም። ጉሙ ቀኑን አጨልሞብኝ ነው መሰለኝ "በይ ደህና እደሪ" ብያት ዘጋሁ።

ዞር ስል ነርሷ ጓሳው ላይ ተቀምጣ ፊቷን በእጇ ሸፍናለች። ሾፌሩ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል።

"ምን ሆናችሁ?"

"ብርዱ ነው" አለች ነርሷ።

ያን ቀን ገሳይ አደርን። ደብረ ታቦር እዚህ፣ የእናቴ ቤት እዚያ፣ ለምን አልጋ እንከራያለን ብዬ ብከራከርም አልሰሙኝም። ጎህ ሲቀድ ወጣን። ጉሙ ከተራራው ወርዶ አጥሩን ሁሉ ሸፍኖታል። ከእናቴ ደጃፍ ስንደርስ ሴቶቹ በሁለት ረድፍ ቆመው ነበር፤ እንደ ትናንቱ ጅባራ ዝም ብለዋል። ከኋላቸው ድንኳን። በዚህኛው ድንኳን አልተታለልኩም። ነርሷ ወገቤን አስቀድማ ይዛኝ ነበር።

ጮህኩ። ራሴን ግን አልሳትኩም፤ ልቤም እንደተፈራው አልቆመችም። ያልቆመችው በንዴት ይመስለኛል። ወንድሜ እጁን ዘርግቶ ሲመጣ ደረቱን በጡጫ መታሁት።

"ቀበርካት? ያለ እኔ ቀበርካት? እኔ ተራራ ላይ ስቀልድ!"

አልተከላከለም። ሴቶቹ ሊይዙኝ ሲሉ "ተዉዋት፣ ትምታኝ" አላቸው። መታሁት። ሁለቱንም ጓደኞቼን ረገምኳቸው፤ አጥሩ ሥር ቆመው ተረገሙልኝ። የመጨረሻ ቃል ሳልነግራት፣ ፊቷን ሳላይ፣ አፈር ሳላለብሳት! እንደ ባዳ ከሰው ሁሉ ኋላ መድረሴ ነው ያንገበገበኝ። እስክደክም ጮህኩ። ሲደክመኝ ወንድሜ መሬት ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ከኪሱ የእናቴን ስልክ አወጣ።

"ሬሳው ሊነሳ ነበር" አለ። "ቄሱ ፍትሐት ጨርሰው፣ ተሸካሚዎቹ ቃሬዛው ሥር ገብተው። ያን ጊዜ ደወልሽ። 'እማዬ' ስትይ መዝጋትም መናገርም አቃተኝ። ለቀስተኛው ሁሉ ዝም አለ።"

"ታዲያ ምነው አንድ ቃል ብትነግረኝ?"

"ምን እነግርሻለሁ?" አለ። የእኔ ወንድም አባታችን ሲሞት እንኳ በሰው ፊት ያላለቀሰ ሰው ነው፤ አሁን እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። "'ጆሮሽ ላይ አድርጊው' አልሽ። ግንዙን ፈታሁና አደረግሁላት። 'ደህና እደሪ' እስክትያት ድረስ ማንም አላነሳትም።"