እውነቱ የሚነገረው በር ላይ ነው

እህቴ ከሞተች ወዲህ አርፎ መቀመጥ አልሆነልኝም። ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። አንዳንድ ቀን ያለ ምንም ጉዳይ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳሪስ ድረስ እሄድና ትንሽ ቆሜ እመለሳለሁ። አንዱ ወያላ ለምዶኛል። «ዛሬ ደግሞ ምን ረሳህ?» ይለኛል። ምንም አልረሳሁም። ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞር ነገር አለ፤ ቁጭ ካልኩ ይብስበታል። ብጽፈው ይለቀኝ ይሆናል ብዬ ነው። መጻፍ አልለመድኩም፤ ትምህርቴም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። እንደመጣልኝ ልበለው።

የሚዞረው ነገር ጥያቄ ነው። የጤና ጣቢያው ጥያቄ።

እህቴ የልብ ሕመምተኛ ነበረች። ታላቄ ናት፤ እቴቴ ነበር የምላት። የቆየ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አንዲት ነርስ ቤት ለቤት እየዞረች ትጠይቃለች፤ ሲስተር እንላታለን። ጥያቄዎቹ ታብሌት ላይ ናቸው። የሚጠይቁት ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ ኑሮ ነው። ለመሄድ ይቸገራሉ? ለመታጠብና ለመልበስስ? የዘወትር ሥራዎን ለመሥራት? የሚያምዎት ነገር አለ? ጭንቀትስ? መጨረሻ ላይ እንደ ቴርሞሜትር የቆመ መስመር ይመጣል። ታች ዜሮ ነው፣ ላይ መቶ። የዛሬ ጤናህ የት ጋ እንደሆነ በጣትህ ታሳያለህ። መልሱ የከፋው ሰው ቶሎ ሆስፒታል ይላካል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል።

ሲስተር ከመምጣቷ በፊት ትደውላለች። ይኼ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ለእቴቴ እንግዳ ይመጣል ማለት ነበር። እናታችን ፀጉሯን ትሠራታለች። ንጹሕ ቀሚስ ታለብሳታለች። እቴቴ ጋደም ካለች ስለምትታፈን ትራስ ደራርባ፣ ተደግፋ ነበር የምትተኛው። ትራሶቹን ቁም ሳጥን ውስጥ የምከተው እኔ ነኝ። ቤት እንግዳ ሊቀበል አይደል?

«ለመሄድ ትቸገሪያለሽ?»

«ኧረ ተመስገን፣ አልቸገርም።»

ከፎቅ ከወረደች ወራት አልፈው ነበር። የምትሄደው ከአልጋ እስከ ሶፋ ነው። እዚያ ድረስ ደግሞ አልተቸገረችም። ውሸት አልተናገረችም፣ እንዴት ልበል፣ መሄድ የሚባለው ነገር ራሱ አጥሮባት ነበር።

«የዘወትር ሥራሽንስ?»

«እሱም ደህና ነው።»

ልብስ ሰፊ ነበረች። ሲንጀሯን ከሸጠች ቆይታለች።

«ሲስተር፣ እሷ እኮ ሌሊት አትተኛም» አልኩ።

ሲስተር አልተቆጣችም። «ወንድሜ ይቅርታ፣ ራሷ ናት መመለስ ያለባት። የቤተሰብ መልስ አይገባም።»

«ተይው ሲስተር» አለች እቴቴ፣ «ማሙሽ ሐኪም መሆን አምሮት ነበር፤ ነጥቡ ነው እምቢ ያለው።»

ሁለቱም ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ። እቴቴ ጣቷን ከመስመሩ ጫፍ ትንሽ ዝቅ አድርጋ አሳረፈች። «መቶማ ለማን ተሰጥቶ ያውቃል» አለች።

ጎረቤታችን ባንክ ነው የሚሠራው። ስኳር አለበት፤ ጠዋት ጠዋት ግን ይሮጣል። እሱንም ሲስተር ጠይቃዋለች። «የወገብ ሕመም መካከለኛ፣ ጭንቀት ከባድ፣ በአጠቃላይ ስልሳ በይኝ አልኳት» ብሎ ራሱ አጫወተኝ። ወዲያው ተላከ። አልተቀየምኩትም። እሱም እውነቱን ነው የተናገረው። ዩኒቨርሲቲ ሲማር ስንት መጠይቅ ሞልቶ፣ ስንት አስሞልቶ ይሆናል፤ ጥያቄ ሲሰማ ጥያቄ ነው የሚሰማው። እኛ ቤት ግን ስለ ጤና መጠየቅ ሰላምታ ነው። ሰላምታ ደግሞ በምስጋና ነው የሚመለሰው። ምድር ቤት ሱቅ ያለው የስልጤ ሰውዬ ክንዱ በጄሶ ታስሮ እያለ «እንዴት ነህ?» ስለው «አልሐምዱሊላህ» ብሎኝ፣ በአንድ እጁ ስኳር መዝኖልኛል።

እውነቱ አይነገርም ማለቴ አይደለም። ይነገራል፤ ቦታው ሌላ ነው። ጠያቂ ይመጣል፣ በሽተኛዋን «እንዴት ነሽ?» ይላል፣ «ተመስገን» ትላለች። ይጫወታሉ። ሲነሳ አስታማሚው ሊሸኘው አብሮት ይወጣል። በሩ ገርበብ ይላል። ያን ጊዜ እንግዳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ» ይላል፤ እናቴም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሁሉንም ትነግረዋለች። አልጋው አጠገብ የተባለውን ማንም እንደ መልስ አይቆጥረውም። ሲስተር ግን ታብሌቷን የምትዘጋው ሶፋው ላይ ሆና ነው።

እቴቴ ተራዋን እየጠበቀች ሞተች። ቶሎ ብትላክ ትተርፍ ነበር ወይ ብዬ ሐኪም ጠይቄያለሁ። «እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም» አለኝ። ይኼ ነው ከተቀመጥኩበት የሚያስነሳኝ።

ሳንቆይ የእናቴ ነገር መጣ። ደም ግፊት አለባት፤ እሷም ክትትል ላይ ናት። ደረጃ ስንወጣ በየፎቁ መቆም ጀመረች። «አገሬን ልይበት» ትላለች። የዚሁ የአቃቂ ገበሬ ልጅ ናት። በመስኮቱ ታሳየኛለች፤ «ያ ብሎክ ያለበት ጤፍ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ሽምብራ።» ጤፉን እሰማለሁ፣ ዓይኔ ግን ትንፋሿ ላይ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የእቴቴን ትራሶች አልጋዋ ላይ ተደራርበው አገኘኋቸው።

«ናፍቃኝ ነው» አለች።

ወርጄ ብሎኩን ዞርኩ።

ሲስተር ደወለች። በማግስቱ እናቴ ከማለዳ ተነስታ ታጠበች፣ ቤቱን አስጠረገችኝ፣ ከዚያ «ትራሶቹን ቁም ሳጥን ውስጥ ክተታቸው» አለችኝ።

«አልከትም።»

«ምን ሆነሃል አንተ?» ራሷ ከተተቻቸው። ስትጨርስ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እማማ፣ ለመሄድ ይቸገራሉ?»

«ተመስገን ልጄ። አንቺስ ደህና ነሽ? ልጅሽ መሄድ ጀመረ?»

«ጀመረ፣ ቤቱን እያፈረሰው ነው። የዘወትር ሥራዎንስ ለመሥራት ይቸገራሉ?»

«ምን ሥራ አለኝ ብለሽ።»

እኔ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። «ቁጭ በል፣ አዞርከኝ» አለች እናቴ። መስመሩ ጋ ደረሱ። ሲስተር ታብሌቷን አቀረበችላት። እናቴ ብዙ አየችው።

«ልጄ ያደረገችው ጋ አድርጊልኝ» አለች።

ሲስተር ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ራሷ እንድታሳይ ለመነቻት፤ እናቴም ከጫፉ ትንሽ ዝቅ አድርጋ ነካችው።

ልሸኛት ወጣሁ። በሩን ገርበብ አደረግሁና ሁሉንም ነገርኳት፤ ትራሱን፣ እግሯ ማበጡን፣ በየፎቁ መቆሟን።

«ውስጥ ለምን አይሉኝም ታዲያ?»

«ውስጥ አይነገርማ።»

ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የቤተሰብ መልስ የማይገባው በምክንያት ነው አለችኝ። አንዳንድ ቤት ሚስት እየታመመች ባል ነው «ምንም አልሆነችም» ብሎ የሚመልስላት። ገባኝ። ሕጉ ለዚያች ሴት ደግ ነው፤ ለእናቴ ግን አልሆናትም። ያንኑ ጥያቄ ለሁሉም እኩል አንብቦ ከሁሉም እኩል እውነት ይገኛል ብዬ ማመን አልቻልኩም።

«መልሱን አልነካም» አለች ሲስተር። «እንደ ነርስ ግን እግራቸውን ማየት እችላለሁ።»

ተመልሳ ገባች። እናቴን አስቀምጣ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች። ጣቷ ተነሳ፣ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ደረቷን አዳመጠች። ከዚያ የሪፈር ወረቀት አውጥታ በእጇ ጻፈች። ታብሌቱ ላይ እናቴ እስካሁን የምትቸገርበት ነገር የለም።

ሲስተር ስትሄድ እናቴ ጮኸችብኝ። «ገመናዬን ደረጃ ላይ ዘረገፍከው!»

«አንቺስ የእቴቴን በር ላይ ትነግሪ አልነበር?»

«እሷ ታማ ነበራ!»

ሆስፒታል እስክንደርስ አላናገረችኝም፤ ታክሲ ውስጥ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው። «እማማ፣ ምንዎን ያምዎታል?» አላት።

አንድ ጊዜ እኔን አየች። «እኔ ተመስገን ብያለሁ» አለችው። «የቀረውን እሱ ይንገርህ፤ ከሳሼ እሱ ነው።»

እሷ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ፊት ለፊቷ መናገር ነበረብኝ። እግሯን ተናገርኩ፣ ትንፋሿን ተናገርኩ። ምግብ ቀንሳለች አልኩ። ማታ ማታ ያስላታል አልኩ።

«ቀንም ነው» አለች እናቴ፣ ግድግዳውን እያየች። «እሱ እስኪወጣ ጠብቄ ነው የምስለው።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ ማዳመጫውን ከአንገቱ አወረደ።