ሐረጎ ላይ የወደቀው የበግ ራስ

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስወርድ፣ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ለጎረቤታቸው ያወጉ ነበር። «ለመተት የጥቁር በግ ራስ ይዛ ስትሄድ ሚኒባስ ውስጥ የተያዘችውን ልጅ አልሰማሽም?» ሲሉ ፊቴ ጋለ። ልጅቷ እኔ ነበርኩ።

ያኔ ደሴ ሕክምና እማር ነበር። ሰኞ፣ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ያሉትን ሽፋኖች በመምህሩ ፊት እየገለጥን ልናሳይ ነው። ከሁሉም የሚያስቸግረው የሸረሪት ድር የመሰለው ስስ ሽፋን ነው፤ ደም ሥሮቹን አቅፎ ስለሚይዝ፣ እነሱን ሳይነኩ እሱን ብቻ መክፈት ያስፈልጋል። የምንማርበት አስከሬን በመድኃኒት ብዛት ደርቆ ሽፋኑ ተጣብቋል። ትኩስ ራስ ላይ ካልተለማመድኩ እንደምወድቅ አውቄዋለሁ።

ቅዳሜ ዕለት፣ ሰኞ ገበያ ወደሚባለው የደሴ ገበያ ወረድኩ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ በየጥጉ የበቆሎ እሸት ይጠበሳል።

«የበግ ራስ ሳይፈለጥ? ምን ልታደርጊው?» አለኝ ሥጋ ሻጩ።

«ለቤት ነው» ብዬ ፌስታሌን ይዤ ሸሸሁ።

ኮምቦልቻ ቤታችን ልለማመድበት ተሳፍሬ፣ ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርድ ፌስታሉ ተቀደደና የበጉ ራስ ተንከባሎ አንድ ሽማግሌ እግር ሥር ቆመ።

«አዑዙ ቢላህ! ያያል እኮ!» ብለው እግራቸውን ሰበሰቡ።

«የማን ነው?» አለ ረዳቱ።

«የኔ።»

«ጥቁር መርጠሽ፣ ያውም ሳይፈለጥ! በማን ላይ መተት ልታሠሪበት ነው አንቺ?» አለች አንዲት ሴት።

«ባል አጥታ ነዋ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቁበት።

የተማርኩት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ያንን የሸረሪት ድር ሽፋን «አራክኖይድ» ልበላቸው? እሱ ራሱ የጋኔን ስም ይመስላል። ረዳቱ በሩን ከፍቶ የበጉን ራስ በእግሩ ወደ ገደሉ ገፋው።

ሰኞ በመምህሩ ፊት ሽፋኑን ስስብ ደም ሥሩም አብሮ መጣ። ያን ዓመት ደገምኩ።

«ልጅቷስ የት ደረሰች?» አሉ ባለፈው ሳምንት ጎረቤቲቱ።

«አብዳ ጠፋች አሉ» አሏቸው እናትየው።

ዛሬ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነኝ፤ ያንን ሽፋን በሕያው ሰው ላይ፣ ደም ሥሩን ሳልነካ እከፍታለሁ። ሐረጎ ላይ ግን አሁንም ምላሴ ይተሳሰራል። «ልጅቷ እኔ ነኝ» የምልበትን መንገድ ስፈልግ እናትየው ወደኔ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ፣ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሐኪም ነኝ።»

«ማሻ አላህ! የምን?»

«የራስ» ልል ከንፈሬን ከፈትኩ፤ የበጉ ራስ ግን ትዝ አለኝ። «የጥርስ» አልኳቸው።

«እሰይ! እስቲ ይቺን መንጋጋዬን እይልኝ» ብለው፣ እዚያው ጠመዝማዛው ላይ፣ አፋቸውን ከፍተው ጠበቁኝ።