በቴምር ፍሬ የተደገመ ማጥቃት

ተሰማ ዓረብ አገር፣ ሱለይ በሚባል ሰፈር የአንድ መጋዘን ዘበኛ ነው፤ ዓርብ ዓርብ ግን ጄኔራል ይሆናል። ሹመቱን የሰጡት ሙረባዕ ሰፈር፣ ሀጅራ በምትባል ሴት ቤት ምሳ የሚበሉት ያገሩ ልጆች ናቸው። ምሳው አልቆ ቴምር ሲበላ የተተፋውን ፍሬ ሁሉ ይለቅምና ትሪ ላይ ሠራዊት ያሰልፋል።

«ጀመረው! ያላ፣ ትሪዬን ደም እንዳታስነኩት» ትላለች ሀጅራ።

የሚያሰልፈው ጦርነት አንድ ነው፤ በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ጾረና ላይ፣ ወታደር ሳለ ከጓዶቹ ጋር ፊት ለፊት ወደ ጠላት ምሽግ የሮጡበት። በአንድ ኮዳ አብሮት ይጠጣ የነበረው፣ እንግዳ የሚባለው ጓዱ እዚያ ቀረ። ተሰማ ተረፈ፤ መትረፉንም ለራሱ ይቅር አላለውም።

«በተራራው ዞረን ከኋላ ብንመታ ኖሮ፣ ጦርነቱ በዚያው ባበቃ፣ እንግዳም በኖረ ነበር» ይላል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ቢሉት ማን ሰምቷቸው!

ፖሊስ መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ከሰበሰበበት ከትልቁ አፈሳ በኋላ በነበረው ዓመት አንድ ዓርብ፣ የውብዳር የምትባል ልጅ መጣች። መላዝ ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ የእንግዳ ታናሽ እህት ናት። ተሰማ ይህን ሲሰማ ያን ቀን ቴምሩን እንኳ አልነካም። «እሱ ሞቶ አንተ እንዴት ተረፍክ?» ብትለውስ?

እሷ ግን ትሪውን ራሷ አቀረበችለት።

«ጋሼ፣ ለእኔም አሳየኝ። እማዬ እንዴት እንደሞተ የሚነግራት ሰው አጥታ ስታለቅስ ዓይኗ ጠፋ።»

ፍሬዎቹን ለቅሞ አሰለፈ። «ይሄ እንግዳ ነው» ብሎ አንዷን ፍሬ ከብዙኃኑ ጋር በተራራው አዞራት። ምሽጉ ከኋላው ተመታ፤ እንግዳ ተረፈ። የውብዳር ፈገግ አለች። ቀጥሎ ምሽጉ ፊት የቀሩትን ጥቂት ፍሬዎች አየች።

«እነዚህስ?»

«ጠላት ወደ ኋላው እንዳይዞር ፊት ለፊት ይዘው የሚያቆዩት ናቸው።»

«ይተርፋሉ?»

«አይተርፉም።»

«ይቺ ከሁሉም የቀደመችውስ?»

ያን ጦርነት ስንት ዓርብ የሰማችው ሀጅራ እንኳ ይህን ጠይቃው አታውቅም።

«እኔ ነኝ» አለ ተሰማ ቀስ ብሎ።

የውብዳር ዓይኗ ዕንባ ሞላ። ፍሬዋን አንሥታ በተራራው በኩል አዞረችና ወንድሟ አጠገብ አስቀመጠቻት።

«ኧረ የውቤ! እዚያ ሰው ካልቆመ ማጥቃቱ ይፈርሳል እኮ!»

«ይፍረስ!» አለች። «አንተ ሞተህ እሱ ቢመጣ፣ ያንተን እናት ደግሞ ማን ሊያጽናናት ነው ወንድሜ?»

ጄኔራሉ ትሪው ላይ አቀርቅሮ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።