በሩን ክፈቱልኝ

ባለፈው ሳምንት ሮቤ፣ ከመናኸሪያ ወደ ገበያ በምትሄድ ባጃጅ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች ተማሪ መሳይ ልጅ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ስለ ፈተና እየተጨቃጨቀች ሳለ፣ ድንገት ወሬዋን ገታ አድርጋ ከቦርሳዋ አንዲት ሰማያዊ ነገር አወጣች፤ ነቅነቅ ነቅነቅ አደረገቻት፣ አፏ ውስጥ ከታ ጫን አለቻት፣ ትንፋሿን ጥቂት ይዛ ቆየችና «እሺ፣ ምን እያልኩሽ ነበር?» ብላ ጭቅጭቋን ካቆመችበት ቀጠለች። በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት ነው፣ ፓፍ የሚሉት። ሾፌሩ ዞር ብሎ አላያትም፤ ከወዲያ ጎኗ ሽንኩርት ታቅፈው የተቀመጡት አዛውንትም ከንፈራቸውን አልመጠጡላትም። እኔ ብቻ ዓይኔ እንባ አቅርሮ መንገዱን የማይ መስዬ ፊቴን አዞርኩ። ወይ ነዶ! ይኼን ያህል ቀላል ነበር ለካ።

የስንዴ አጨዳ ሰሞን ስለሆነ ኮምባይነሮቹ የሚያነሱት ገለባና አቧራ ከተማው ድረስ ይሸታል፤ ያ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ደረቅ ሽታ ደግሞ ሁልጊዜ አንጠልጥሎ የሚወስደኝ ጎባ ነው፣ እናቴ ቤት፣ እትዬ ጽጌ ዘንድ። እትዬ ጽጌ የእናቴ የመጀመሪያ ልጅ ነበረች፣ እኔ የመጨረሻዋ ነኝ፤ ስለዚህ ያሳደገችኝ እሷ ናት ማለት ይቻላል። ጭንቅላቴን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ ጸጉሬን ስትሠራኝ የሰፈሩን ሰው አካሄድ እየቀዳች ታወራልኛለች፣ ሁለታችንም እንስቃለን፣ ጉንጉኑ ጠማማ ይወጣና እናቴ ትጮህብናለች። የእትዬ ጽጌ ሳቅ መጨረሻው ላይ ሲር የሚል ቀጭን ፉጨት ነበረው። እኔ ሞኟ ሴት ልጅ ስታድግ ሳቋ እንደዚያ የሚሆን መስሎኝ፣ ቶሎ ትልቅ ለመሆን ብቻዬን እያፏጨሁ መሳቅ እለማመድ ነበር።

በቤታችን አስም የሚባል ቃል አይነሣም። «ብርድ» ነበር ስሙ። በእርግጥ የጎባን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ሌላ ስም መፈለግ ትርፍ ድካም ነው፤ በክረምት ጉሙ ከሳነቴ ተራራ ወርዶ ጓሮ ይገባል፣ ልብስ ሳምንት ሙሉ ተሰጥቶ አይደርቅም፣ የሰው በሽታ ሁሉ በብርድ ይሳበባል። እናቴም ብርድን እንደ ጠላት ነበር የምትዋጋው። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ፌጦ፣ የበግ ላት ቅልጥ፤ አንድ ጊዜማ የአህያ ወተት ያሽራል ስለተባለ ወንድሞቼ የወለደች አህያ ፍለጋ ገበያ ለገበያ ዞሩ፣ አንደኛውን ረግጣው እያነከሰ ተመለሰ፣ እትዬ ጽጌም ያንን ወተት ዓይኗን ጨፍና ጠጥታ ስታበቃ እንደ አህያ አናፋችልንና ቤቱ በሳቅ አለቀ። ሳቁ ግን ፉጨቱን ቀሰቀሰው፣ ፉጨቱ ሳሉን፣ ከዚያም ዋናው መጣ።

ዋናው ሲመጣ እናቴ መጀመሪያ የምታደርገው በር መዝጋት ነው። መስኮቱን ትቀረቅራለች፣ የበሩን ሥር በአሮጌ ጨርቅ ትወትፋለች፣ ከዚያ የከሰል ማንደጃውን ከአልጋው አጠገብ አምጥታ የባሕር ዛፍ ቅጠል ትነሰንስበታለች። እትዬ ጽጌ ጋቢ ላይ ጋቢ ተደርቦባት፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ከንፈሯ እየጠቆረ፣ በዚያ ጭስ መሃል አንዲት ነገር ብቻ ትለምናለች፤ «በሩን ክፈቱልኝ»። ድንቄም መክፈት! እናቴ እያለቀሰች የበለጠ ትወትፈዋለች። ፍቅር ነው እኮ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ ረግሜው ይወጣልኝ ነበር።

ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ ግን ጭሱን ከአጥራቸው ማዶ ሲያዩት ዘለው ይመጡና በሩን በርግደው፣ «ያ ረቢ! ሀፉራ ነው የጠፋት፣ ትንፋሽ! እናንተ እሳት ትሰጧታላችሁ?» እያሉ ደግፈው ያወጧትና ደጃፍ ያስቀምጧታል፤ ሩብ ቀን ሳይሞላ ቀለሟ ይመለሳል። እናቴ ልጄን በብርድ ሊገድሏት ነው ብላ ስንት ቀን ታኮርፋቸዋለች። በኋላ የጤና ጣቢያው ሐኪም በሽታውን በስሙ ጠርቶ ያቺን ሰማያዊ ፓፍ ሲሰጣት ደግሞ ሰፈሩ ሌላ ነገር አመጣ፤ አንዴ ከጀመሯት አትለቅም፣ የምትሰጠውም ሊሞት ላለ ሰው ነው ተባለ። እትዬ ጽጌ ቢሉም ባይሉም ጓዳ ገብታ ትስባትና ሰው ሆና ትወጣለች።

ከሮቤ ወጣ ብሎ ካለ ባለ ስንዴ ቤት ሽማግሌ ሲላክባት እናቴ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ያዛት። አስም እንዳለባት ከተሰማ ማን ያገባታል? የጥር ሠርግ ነበር። በእኛ ዘንድ የባል ወገን ሴቶች የሙሽራዋን ሻንጣ ከፍተው ምን እንደያዘች እያነሱ ያያሉ፤ ስለዚህ በሠርጉ ጠዋት እናቴ ፓፏን ከሻንጣው አውጥታ ከነጠላዎቿ ሥር፣ የራሷ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችባት። እትዬ ጽጌ አየቻት፣ ሻንጣዋን ራሷ ዘጋች። እኔ ጥርሴ የወለቀ ሚዜ ነኝ፣ ነጭ ካልሲዬ ነበር ያስጨነቀኝ።

ከዚያ በኋላ ለመስቀልም ለጥየቃም ቤት ስትመጣ፣ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ ሣጥኑ ትሄዳለች። ትስባለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትመልሳታለች። ይዘሽው ሂጂ የሚላት የለም፤ አማቷ እንዳያዩ ጓሮ ሄዳ እንደምታስል፣ ሲብስባት ውኃ ልቅዳ ብላ እንደምትወጣ እየሳቀች ነበር የምትነግረን። አሳሳቋ ግን አጥሮ ነበር፣ ፉጨቱ ሳይደርስ ታቆመዋለች።

በዓመቱ አጨዳ ደረሰ፣ ኮምባይነሩ ከቤታቸው ጀርባ ሲሠራ ዋለ፣ እትዬ ጽጌ በጠራራ ፀሐይ ወደቀች፣ አንሥተው ቤት አስገቧት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እውነት ነው። ለቅሶው ላይ አማቷ እናቴ እግር ሥር ተቀምጠው ደረታቸውን እየመቱ እንዲህ አሉ፦ «እንደ ወለድኳት ልጅ ነው ያደረግኳት እህቴ! መስኮቱንም በሩንም ዘጋሁላት፣ ከሰል አነደድኩላት፣ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ አልተውኩም። እሷ ግን ክፈቱልኝ፣ ክፈቱልኝ ብቻ ነበር የምትለው።» እናቴ ማልቀሷን አቆመች። አዴ ዘይነባ ከሴቶቹ መሃል ተነሥተው፣ ማንንም ሳያዩ፣ የቤታችንን በር ወለል አድርገው ከፈቱት።

እነሆ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ በር ፀሐይ እስክትጠልቅ አይዘጋም። አዴ ዘይነባም አርፈዋል፣ ወንድሞቼ ተበታትነዋል፣ እናቴ ግን በሐምሌ ጉም ሁለት ጋቢ ደርባ ደጁ ትይዩ ትቀመጣለች፤ ዝጊው የሚላት ሰው ከእንግዲህ ቤቷን አይረግጥም። ሰው ሁሉ አርጅታ ነው ይላል። የጠፋብኝን ልቁጠር ብል ለኔ እህት ብቻ አይደለችም፤ እናቴን በልበ ሙሉነት ስትቆጣ፣ ስታክም፣ ስታባብል ዳግመኛ አላየኋትም።

ከባጃጇ ወርጄ በዚያው ጎባ ወጣሁና ስለ ልጅቷ ለእናቴ ነገርኳት።

«ሰው ፊት?» አለችኝ።

«አዎ፣ ሰው ፊት።»

«ማንም ምንም አላላትም?»

«ማንም።»

«እንግዲያ ታገባለቻ» አለች። ነፋሱ በሩን ገፋ ሲያደርገው ብድግ ብላ፣ እንዳይዘጋ ድንጋዩን አስጠጋችለት።