ሶፊ ድረስ መንገድ ያሳየሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን እየተናዘዝኩ ይህን ዘልዬዋለሁ። ወንድሜን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ጌታሁን የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ደርግ ሲወድቅ ወደ ሐረር ተመለሰ። ቤታችን ሸዋ በር ሆኖ ሳለ በገበያው መሀል አያልፍም፤ የጀጎልን ግንብ ዞሮ በፈላና በር በኩል ይመጣል። ምክንያቱን የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። ሰሜን እያለ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ላይ ቦምብ ጥሏል።

«ጃንጥላዎቹን አይቻለሁ» አለኝ። «ወታደር ጃንጥላ አይዘረጋም። እያወቅሁ ጣልኩ።»

በኋላ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ሶፊ፣ የጓደኛው የጋሼ አህመድ ማሳ ውስጥ ገብቶ ጫት ማረም ጀመረ። ትምህርት ቤት «ፓይለቱ ጫት ላይ አረፈ እንዴ?» እያሉ ሳቁብኝ። አፈርኩ። ያፈርኩት ግን በጃንጥላዎቹ አልነበረም። በጭቃ ጫማው ነበር።

የድንበሩ ጦርነት ሲነሳ ሁለት ሰዎች ቤታችን መጡ። የድሮ አብራሪዎች ይፈለጋሉ አሉ። እናቴ «የት እንደገባ አላውቅም፣ ልጆቼ» ብላ መለሰቻቸው። እኔ ተከትያቸው ወጣሁ። መኪናቸው ውስጥ ገባሁ። ሶፊ መታጠፊያው ላይ ማሳውን በጣቴ አሳየሁና ወረድኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም። ያለ እኔም ያገኙት ነበር? ምናልባት። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ አልኩ! ግን ያሳየሁት እኔ ነኝ። የፓይለት ወንድም መባል አምሮኝ፣ ጃንጥላዎቹን እያወቅሁ፣ አሳየሁ።

ጋሼ ማን እንደጠቆመበት ሳያውቅ ሄደ። በዚያው አውሮፕላኑ ወደቀ። አስከሬን አልመጣልንም።

ጋሼ አህመድ ለቅሶ ሲመጣ እናቴ ከድንኳኑ በር መለሰችው።

«ልጄን የሸጥክ አንተ ነህ!»

«ወላሂ፣ እማማ፣ አፌን አልከፈትኩም።»

አግዳሚ ወንበር ተሸክሜ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ወንበሩን ይዤ ወደ ውስጥ ገባሁ። እናቴም ያንኑ እንዳመነች ሞተች።

አሁንም ጋሼ አህመድ ሸዋ በር ከሚኒባስ ሲወርድ ካገኘኝ እጄን ይዞ አይለቅም። «ማን እንደጠቆመበት አላህ ያውቃል» ይለኛል። እኔም «አዎ፣ ጋሼ» እለዋለሁ።

ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እሱን ነው። ለእናንተ የጻፍኩት እናንተ እጄን ስለማትይዙኝ ነው።