የተሸነፍንበት መዝገብ

ጥብቅና ትቼ ልብወለድ መጻፍ የጀመርኩት በአንድ በተሸነፍኩበት መዝገብ ምክንያት ነው። ደንበኛዬ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ በልብስ ስፌት የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። ባላቸው በሞቱ በዓመቱ የባላቸው ወንድም "ቤቱ የእኔ ነው፤ ለወንድሜ እንዲኖርበት ብቻ ነው የሰጠሁት" ብሎ ከሰሳቸው። ቤቱ ካርታ ስላልነበረው ነገሩ በምስክር ቃል ላይ ወደቀ። ከምስክሮቹ አንዱ ሠላሳ ዓመት በአንድ ዕድር አብሯቸው የኖረ ጎረቤታቸው ነበር። ምሎ ሲዋሽ ደንበኛዬ ዓይን ዓይኑን ያዩታል፤ እሱ ግን አንዴም ቀና አላለም። ተፈረደባቸው። ይግባኙም አልሆነልንም።

ከዚያ በኋላ ችሎት ፊት መቆም አስጠላኝ። ፒያሳ የነበረኝን ቢሮ ዘግቼ መጻፍ ያዝኩ። በልብወለዱ ውስጥ ሐሰተኛው ምስክር መጨረሻ ላይ ይጸጸትና እውነቱን ያወጣል፤ ሴትዮዋም ቤታቸው ይመለስላቸዋል።

ለአሳታሚ ከመስጠቴ በፊት የደንበኛዬን ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ። ሥላሴ አካባቢ እህታቸው ዘንድ ተጠግተው ነበር። ማንበብ ስላልተማሩ እኔው አነበብኩላቸው፤ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። እሳቸው እየሰፉ ያዳምጣሉ። መጨረሻው ላይ ስደርስ መርፌያቸውን አቆሙ።

"ልጄ፣ ይቺ ማን ናት?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ።"

"እኔማ ተፈርዶብኛል። ዕቃዬን በጋሪ አስጭኜ ነው የወጣሁት። ተፈረደላት ብለህ ከጻፍክ፣ የተዋሸብኝን ማን ሊያውቅልኝ ነው?"

አፈርኩ። ያን መጨረሻ ለእሳቸው አዝኜ የጻፍኩት ይመስለኝ ነበር። ለካ ሽንፈቱን መቻል ያቃተኝ እኔ ነኝ።

"ታዲያ እንዴት ይለቅ?" አልኳቸው።

"እንዳለቀው።" ስፌታቸውን ቀጠሉና ደግሞ፣ "ግን ከዚያም በኋላ እንደኖርኩ ጻፍ። እየሰፋች ነው በልልኝ" አሉኝ።

መጨረሻውን እንደ አዲስ ጻፍኩት። መጽሐፉ ሲታተም የመጀመሪያውን ቅጂ ወሰድኩላቸው። ሽፋኑን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው ሳቁ። በሳምንቱ እህታቸው ደወሉልኝ። የግቢው ሰው ከሰዓት ከሰዓት እየተሰበሰበ አንዲት የጎረቤት ልጅ ስታነብ ይሰማል፤ ምስክሩ የሚዋሽበት ቦታ ላይ ሲደረስ ደንበኛዬ "እስቲ እሱን ድገሚው" ይላሉ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ልብወለድ ጽፌአለሁ፤ ሁሉም ከችሎት ይዤአቸው የወጣኋቸው ታሪኮች ናቸው። አንዱንም ባለታሪኩ ሳይሰማው አላሳተምኩም። ይህን ስላስተማሩኝ ለማመስገን በሄድኩ ቁጥር እሳቸው "የምን ምስጋና ነው፣ አረፍ በል" ብለው ወንበር ይስቡልኛል።